በረዶ ሻጩ ከንቲባ

ሱቄ ውስጥ፣ ከዳቦ መደርደሪያው በላይ፣ የአንድ ፈረንጅ ፎቶ ተሰቅሏል። ፂሙ ጥቅጥቅ ያለ፣ ባርኔጣው የጎበጠ፣ እጁ ላይ ትልቅ የብረት መቆንጠጫ ይዞ ጋሪ ላይ የተቀመጠ ሰውዬ ነው። እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ዛንድስፕሩት በሚባል ሠፈር ከእኔ ዳቦ የሚገዛ ሁሉ ስለዚህ ፎቶ አንድ ቀን ጠይቆኛል። እኔም «ከንቲባ ነው» እላለሁ። የምን ከንቲባ፣ የት አገር ከንቲባ የሚለውን ለመስማት ትዕግሥት ያለው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ልጽፈው ተነሣሁ። ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ፊደል ብስት የሚያነብ ሰው አይሞትም።

ባለቤቴ ከማረፉ በፊት እኔና እሱ በየሎኬሽኑ፣ ማለት በየጥቁሮቹ ድሃ ሠፈር፣ ቤት ለቤት እየዞርን ብርድ ልብስ፣ መጋረጃና የፎቶ ፍሬም እንሸጥ ነበር። አንድ ጊዜ ጆበርግ ከተማ ውስጥ የአንዲት የሞቱ አሮጊት የቤት ዕቃ ሲሸጥ ሃያ ፍሬም በጅምላ አነሣን። ሁሉም ውስጥ የማናውቃቸው ሰዎች ፎቶ ነበረበት። አሥራ ዘጠኙን አውጥተን ፍሬሙን ሸጥን። ሃያኛው መስታወቱ የተሰነጠቀ ስለነበር የሚገዛው ጠፋ። ሱቅ ስከፍት ግድግዳው ባዶ ሆኖ ቢያስጠላኝ ሰቀልኩት። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ጣጣው የመጣው ከዱካሞ ነው። ዱካሞ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዲፕስሉት የሚባል ሌላ ሎኬሽን ሱቅ አለው፣ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነው። አንድ ቀን ገብቶ ቀና ሲል ፎቶውን አየ።

«እህቴ፣ ይሄ ማነው?»

«እኔ እንጃ።»

«የማታውቂውን ሰው ከዳቦ በላይ ሰቅለሻል?»

«ከዳቦ በታች ብሰቅለው ማን ያየዋል?»

«አትቀልጂ። ፂሙን አየሁት። ወደ ሥዕል ተመለስሽ እንዴ?»

እኛ ከደቡብ ኢትዮጵያ የመጣን የወንጌል አማኞች ቤት የቅዱሳን ሥዕል አይሰቀልም። ዱካሞ ፂም ያየ እንደሆነ ቅዱስ ነው የሚመስለው። በሳምንቱ ከሴቶች ኅብረት ሁለት እህቶች ሊጸልዩልኝ መጡ። ሱቄ ጠባብ ስለሆነ የቆሙት ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ዘርግተው ሲጸልዩ፣ በሱቁ የብረት ፍርግርግ በኩል ስኳር ሊገዛ የቆመ ሰውዬ ለፎቶው የሚሰግዱ መስሎት ኮፍያውን አወለቀ። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ሳል አስመሰልኩት። ፎቶውን አውርጂ ባይሉኝ ኖሮ ምናልባት ራሴ አወርደው ነበር። ካሉኝ በኋላ ግን በሚስማር ላይ ሚስማር ጨመርኩበት።

ማንነቱን ያወቅሁት በመምህር ዮፍታሄ ነው። መምህር ዮፍታሄ አገር ቤት ደሴ ከተማ ታሪክ ያስተምሩ የነበሩ፣ አሁን ጆበርግ መሐል ጀፒ በሚባለው ገበያ ቀበቶና ካልሲ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ሰኞ ሰኞ ወደ እኛ ሎኬሽን ካልሲ ይዘው ይመጡና እኔ ጋ አረፍ ይላሉ። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ፎቶውን አይተው «ይሄን ቅዱስ እኔም አላውቀው» አሉ። ከዚያ «ይሄ መስታወት ሰው ላይ ይወድቃል» ብለው ፍሬሙን አውርደው ጀርባውን ሲፈቱት፣ ከካርቶኑ ሥር የታጠፈ የድሮ ጋዜጣ ወጣ።

ጽሑፉ ሰውዬው በሞተ ጊዜ የወጣ የሕይወት ታሪኩ ነበር። መምህር ዓይናቸው ደካማ ነው፣ ፊደሉም የጉንዳን እግር ያህላል። ስለዚህ ሰኞ በመጡ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያነበቡ በአማርኛ ይነግሩኝ ጀመር።

ስሙ አንደርስ ሆልም ነው። የተወለደው ኖርዌይ ነው። በአሥራ አንድ ዓመቱ ከአጎቱ ጋር በመርከብ አሜሪካ ገባ፤ ኮልደርቪል የምትባል ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ።

«ስደተኛ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«ስደተኛ ነው።»

«ፔፐር፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ ነበረው?»

«በዚያን ጊዜ ለእንደ እሱ ዓይነቱ ፔፐር የሚጠይቅ አልነበረም» ብለው ሳቁ። ትንሽ ቀናሁበት።

በዚያ ዘመን ፍሪጅ የለም። ክረምት ላይ ሐይቁ በረዶ ሆኖ ሲጋገር በመጋዝ እየቆረጡ፣ በሰጋቱራ ሸፍነው መጋዘን ያስቀምጡታል፤ ሙቀት ሲመጣ በጋሪ እየጫኑ ይሸጡታል። አንደርስ በአሥራ አራት ዓመቱ ከጋሪ ኋላ ተንጠለጠለ። በሃያ ሦስት ዓመቱ የራሱን ጋሪና ቤስ የምትባል ፈረስ ገዛ። በረዶውን በዚያ መቆንጠጫ አንሥቶ፣ ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ በጓሮ በር ገብቶ ወጥ ቤት ድረስ ነው የሚያደርሰው። ስለዚህ የከተማዋን ወጥ ቤት ሁሉ ያውቃል። የማን ድስት ባዶ እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሚያስል፣ የማን ባል ቤት እንዳልመጣ። ሰውዬው ልቤ የገባው እዚህ ላይ ነው። እኔም ብርድ ልብስ ተሸክሜ ስንት ቤት ገብቻለሁ። ሰው በሳሎኑ ይዋሻል፣ በወጥ ቤቱ አይዋሽም።

ከዚያ አንድ በጋ ኮልደርቪል ውስጥ ታይፎይድ ገባ። ልጆች ሞቱ። ሰዉ ጥፋቱን በወተት ሻጮች ላይ ጣለ፤ የአንዱን ጋሪ ገለበጡበት። አንደርስ ግን ሌላው የማያውቀውን አንድ ነገር ያውቃል። ያን ዓመት በረዶ የቆረጠው ቄራው ፍሳሹን ወደ ሐይቁ በሚለቅበት ጥግ ነው። ቅርብ ስለሆነ። ማንም አላየውም። ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። እሱ ጋሪውን ባዶውን እየነዳ በረዶ ያስገባበትን ቤት ሁሉ አንኳኳ። ባርኔጣውን አውልቆ «ከወተቱ አይደለም። ያስገባሁላችሁ እኔ ነኝ» አለ።

መምህር እዚህ ላይ አቁመው ውኃ ጠጡ። ፍርግርጉ ጋ አንዲት ሴት ሁለቴ ዳቦ ጠይቃኝ አልሰማኋትም ነበር።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ከንቲባ ሆነ» አሉ።

ከንቲባነቱን የሰማሁት በሦስት ሰኞ ነው። የቄራውን ፍሳሽ ከሐይቁ አዞረ። የቄራው ባለቤቶች ከበርቴዎች ናቸው፤ ጠበቃ ገዙበት፣ ጋዜጣ ላይ አስጻፉበት። ትምህርት የለውም ብለው፣ አንዱ የምክር ቤት አባል «ፊርማው ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል» ብሎ አላገጠበት። እሱም በማግሥቱ ፊታቸው ተቀምጦ ስሙን ቀስ ብሎ ጻፈና «ቀስ ብዬ ስለምፈርም የምፈርመውን አነባለሁ» አላቸው። ይሄን መምህርን ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው።

የውኃ ማጣሪያ አሠራ። የከተማው የበረዶ መጋዘን ብሎ አንድ ቤት ከፈተ፤ ሕፃን ያለበት ድሃ ቤት ሁሉ ከዚያ በነፃ ይወስዳል። በሩ ላይ ሰሌዳ አሰቀለ፤ የዛሬው በረዶ ከሐይቁ የትኛው ጥግ እንደተቆረጠ በየቀኑ ይጻፍበታል። ዓርብ ዓርብ ቢሮውን ትቶ እንደ ድሮው በጓሮ በር እየገባ ወጥ ቤቶችን ያያል። ጸሐፊው «ክቡር ከንቲባ፣ ሪፖርት እናቀርብልዎ የለም ወይ?» ሲለው «ሪፖርት አይሸትም» አለው አሉ። ሦስት ጊዜ ተመረጠ። ሲሞት የከተማው ጋሪ ነጂ ሁሉ ሬሳውን በእግሩ ተከተለ።

አንድ ያልወደድኩት ነገር አለ። ስለ ሚስቱ ጋዜጣው ላይ ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው፤ ስሟና ሰባት ልጅ መውለዷ። ለመምህር ነገርኳቸው። «የጋዜጣው ጥፋት ነው እንጂ የእሱ አይደለም» አሉ። እኔ እንጃ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ባለፈው የካቲት፣ ሙቀቱ ቆርቆሮ በሚያቀልጥበት ሰሞን፣ የሠፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ሁለት ቀን ሙሉ መብራት ጠፋ። ፍሪጄ ውስጥ ፖሎኒ ነበረኝ። ፖሎኒ ሮዝ ቀለም ያለው፣ እንደ ዱላ የረዘመ የተፈጨ ሥጋ ነው፤ የሎኬሽን ልጅ እሱን ዳቦ ውስጥ ከትቶ ካልበላ ትምህርት ቤት የሄደ አይመስለውም። በሦስተኛው ቀን ጧት መብራቱ ሲመጣ አውጥቼ አሸተትኩት። ምንም አልሸተተኝም። ወይም እንዲሸተኝ አልፈለግሁም። ሸጥኩት።

በማግሥቱ ሦስት ልጆች ሲያስመልሳቸው ሲያስቀምጣቸው ዋለ። አንዷ የጎጎ ማሴኮ የልጅ ልጅ ናት። ጎጎ ማለት በዙሉ አያት ማለት ነው፤ ጎጎ ማሴኮ እኔ ዛንድስፕሩት ስገባ የመጀመሪያዋን ብርድ ልብስ የገዙኝ ሴት ናቸው። ክሊኒክ ሄደው «ከምግብ ነው» ተባሉ። ልጆቹ በአራተኛው ቀን ተነሡ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ወሬው ግን ውኃ ቧንቧው ጋ አልቀረም፣ ወደ አንድ ቤት ሄደ። ወደ ፈዲላ።

ፈዲላ የስልጤ ልጅ ናት፤ ከእኔ ፊት ለፊት ጥግ ላይ ሱቅ ከከፈተች ሰባት ወሯ ነው። ልጆቹ ያን ቀን ከእሷም ቺፕስ ገዝተው ነበር። እኔ ለአሥራ አንድ ዓመት የሚያውቁኝ፣ በለጥሽ ማለት አቅቷቸው ማ ቤላ የሚሉኝ ነኝ፤ እሷ አዲስ ናት። ጣሪያዋ ላይ ድንጋይ ወረወሩ። የመንገዱ ኮሚቴ ለቅዳሜ ስብሰባ ጠራ፤ ሱቋን ዘግታ ከሠፈሩ እንድትወጣ ሊወስኑ ነው።

ረቡዕ ዕለት ሱቄ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ በለጥሽ፣ አንቺን ያምኑሻል። ቅዳሜ አንድ ቃል ተናገሪልኝ። ያን ቺፕስ እኔም በልቼዋለሁ።»

«እሺ» አልኳት። ፊቷን ማየት አልቻልኩም። ዳቦ የማስተካክል መስዬ ዘወር ስል ዓይኔ ከሰውዬው ጋ ተገጣጠመ። መቆንጠጫውን ይዞ ያየኛል።

ለዱካሞ ደወልኩለትና ከሰዓት መጣ። ሁሉንም ነገርኩት። ራሱን ይዞ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«አንተ።»

«እንግዲያው ማንም አያውቅም። ነገ ቴምቢሳ የአክስቴ ልጅ ጋ ሂጂ። ሁለት ሳምንት ቆይ። ለፈዲላ እንጸልይላታለን።»

«ጸሎቱ ድንጋይ ይመልሳል?»

«እህቴ፣ ገባኝ ከየት እንዳመጣሽው» አለና በአገጩ ወደ ፎቶው አሳየኝ። «ያ ሰውዬሽ የነበረው አሜሪካ ነው። እዚያ ጋሪ ነው የሚገለብጡት። እዚህ ሱቅ ነው የሚያቃጥሉት፣ ሰው ውስጡ እያለ። የወንድሜን ሚስት ከአመድ ውስጥ አልለቅምም።»

ዱካሞ ፈሪ አይደለም። ዲፕስሉት ሁለት ጊዜ ሽጉጥ ደቅነውበት ሱቁን የዘረፉት ሰው ነው፤ የሚያወራው ያየውን ነው። ቢሆንም ቴምቢሳ አልሄድም አልኩት።

ሐሙስ መምህር ዮፍታሄን ጠራኋቸው። ቀናቸው ባይሆንም መጡ። እንደ ሰውዬው ቤት ለቤት ዞሬ ልናገር ነው አልኳቸው፤ እሳቸው ይደግፉኛል ብዬ ነበር። ሰምተው ሲጨርሱ ተነሥተው ፍሬሙን አወረዱ፤ ጋዜጣውን አወጡና ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ።

«ያላነበብኩልሽ አንድ አንቀጽ አለ።»

«የምን አንቀጽ?»

«ሰውዬው ቤት ለቤት ዞሮ ከተናገረ በኋላ ወዲያው ከንቲባ አልሆነም። በረዶውን የሚገዛው ሰው ጠፋ። አንዱ ቤት የፈላ ውኃ ደፉበት። በዚያው ዓመት ለምክር ቤት ተወዳድሮ በሰፊው ወደቀ። ቤስን ሸጠ። ሁለት ዓመት የከተማውን መንገድ ጠረገ። ከዚያ በኋላ ነው ወተት ሻጮቹ መጥተው ለከንቲባነት ተወዳደር ያሉት።»

«ለምን ደበቁኝ?»

«ስትሰሚ ደስ ይልሽ ነበር። ላበላሽብሽ አልፈለግሁም።»

«አሁንስ ለምን ነገሩኝ?»

«እንዳትሄጂ ነዋ።»

ሰውዬው መጥረጊያ ይዞ፣ በረዶ ያስገባባቸው ቤቶች ፊት ለፊት መንገድ ሲጠርግ ታየኝ። ሁለት ዓመት፤ በየቀኑ እያዩት።

«ቤስን ማን ገዛት?» አልኩ።

«እሱን አልጻፉትም።»

«እሄዳለሁ።»

«ግትር» አሉኝ። ፍሬሙን መልሰው ሲሰቅሉት ግን ከፊተኛው ይበልጥ ቀጥ አድርገው ነው የሰቀሉት።

ዓርብ ጧት ሱቄን ቆልፌ፣ ሽርጤን አውልቄ ወጣሁ። ማን ፖሎኒ እንደገዛኝ አውቃለሁ፤ አሥራ ሰባት ቤት ነው። የመጀመሪያዋ ሴትዮ እጄን አይታ «ማ ቤላ፣ ዛሬ ብርድ ልብስ የለም?» አለች። ነገርኳት። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው፤ ወርውራ ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር። ሁለተኛው ቤት ያለው ወጣት ሰደበኝ፤ የማውቀውንም የማላውቀውንም ስድብ ሰማሁ። አራተኛው ቤት ያለው ሹፌር «ውሻዬ አልበላም ሲል ገርሞኝ ነበር፤ አጉል የተማረ ውሻ ነው ብዬ እኔ በላሁት» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። እግሬ ተመለሺ ተመለሺ ይለኛል። እኔ አምስተኛውን በር አንኳኳሁ።

የጎጎ ማሴኮን ቤት ለመጨረሻ ላቆየው አስቤ ነበር፤ ከዚያ በራሴ አፈርኩና ስድስተኛ አደረግሁት። ደጅ ላይ ልብስ ያጥባሉ። ልጅቷ ገመድ ትዘላለች።

«ሳውቦና፣ ማ ቤላ» ብለው በዙሉ ሰላም አሉኝ። «ተቀመጪ።»

«ሳልናገር አልቀመጥም፣ ጎጎ» አልኳቸው። በተሰባበረ ዙሉዬና በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው። እጃቸው ውስጥ የነበረውን ልብስ ውኃው እስኪያልቅ ጨመቁት፤ ካለቀ በኋላም ይጨምቁት ነበር።

«ታውቂ ነበር?»

«መብራት መጥፋቱን አውቅ ነበር። ሌላውን ማወቅ አልፈለግሁም።»

«ሦስት ቀን እዚህ ጭኔ ላይ ነበረች። ትሞታለች ብዬ የእናቷን ስልክ ስፈልግ ነበር።»

«ፈዲላ አይደለችም» አልኩ።

ልብሱን አጥር ላይ አሰጡት። «ስንት ቤት ሄድሽ?»

«አምስት።»

«ስንት ይቀርሻል?»

«አሥራ አንድ።»

«ሂጂ እንግዲህ። ነገም ሁሉም በተሰበሰበበት ትደግሚዋለሽ።»

ተቀመጪ ያሉትን አልደገሙትም።

ቅዳሜ ቧንቧው አጠገብ ያለው ሜዳ ሞላ። ዱካሞ መጥቶ ከጎኔ ቆመ፤ ሌሊቱን አልተኛም፣ ፊቱ ይናገራል። መምህር ዮፍታሄ ቀበቶዎቻቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ከኋላዬ ቆሙ። ፈዲላ ራቅ ብላ ልጇን አቅፋ ቆማለች። የኮሚቴው ሰብሳቢ የፈዲላን ስም ሲጠራ እጄን አነሣሁና «የኔ ነው» አልኩ። ተናገርኩ። ጩኸት ሆነ። «ሁለቱም ይውጡ» የሚል አለ፣ «ሁሉም ይውጡ» የሚል አለ። አንዱ ወደ ሱቄ መሄድ ሲጀምር ዱካሞ እጄን ያዘኝ።

ጎጎ ማሴኮ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ዱላቸውን አነሡ። ወደ ሱቄ የሚሄደውም ቆመ።

«ይቺ ሴት የልጅ ልጄን አሳምማለች» አሉ። «እኔ አልረሳሁላትም። ሱቋ ይዘጋ እላለሁ፤ አንድ ወር። ግን እዚህ ሠፈር ውስጥ ስንቱ በድሎኝ ያውቃል፣ በሬን ያንኳኳ አንድ ሰው አላየሁም። ይቺ አንኳኳች። የምታንኳኳዋን ካባረርን የሚቀሩን ሌሎቹ ናቸው።»

እጅ ተቆጠረ። አንድ ወር ሆነ። ከወሩ በኋላ ፍሪጁን ኮሚቴው አይቶ ይፈቅዳል። ፈዲላን የሚነካ እንዳይኖር ተባለ።

ሜዳው ሲበተን ፈዲላ አጠገቤ መጣች። «ረቡዕ ስለምንሽ ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር።»

ልጇን አቅፋ ሄደች። በዚያ ወር ደንበኞቼ ዳቦ ከእሷ ገዙ። የተዘጋ ሱቄ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አየኋቸው። ወር ሲሞላ ግን የፍሪጁን በር ጎማ ልታስቀይርልኝ የምታውቀውን ጥገና ሠራተኛ ይዛ የመጣችው እሷ ናት፤ እስከ ዛሬ ሰላምታዋ አጭር ነው።

ስከፍት ፍሪጁ በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቀልኩ። መብራት ስንት ሰዓት ጠፋ፣ ስንት ሰዓት መጣ፣ ምን ተጣለ፤ በየቀኑ በጠመኔ እጽፋለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ዱካሞ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን እንግዳ ባመጣ ቁጥር፣ ሳይጠየቅ፣ «ቅዱስ አይደለም፣ ከንቲባ ነው፤ በረዶ ይሸጥ ነበር» ይላል።

ጎጎ ማሴኮ በየጧቱ መጥተው መነጽራቸውን አድርገው ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ያነቡታል። ከዚያ «ዳቦ» ይላሉ። ዳቦ ብቻ። አምስት ወር እንዲህ ሆነ። ፖሎኒ ልስጥዎ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም።

ትናንትና ሰሌዳው ላይ «አራት ሰዓት ያህል ጠፋ፤ ስድስት ወተት፣ አንድ ፖሎኒ ተጣለ» ይላል። ጮክ ብለው አነበቡት። ቀና ብለው ፎቶውን አዩ፤ ታሪኩን በፊት ነግሬያቸዋለሁ።

«ይሄ ሰውዬሽ ስንት ዓመት ጠበቀ ነበር ያልሽኝ?»

«ሁለት ዓመት።»

«እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሁለት ዓመት አልጠብቅም።» መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ከአዲሱ አንድ ቁራጭ ቁረጪልኝ። ለእኔ ነው። ለልጅቷ አይደለም።»

ቆረጥኩላቸው። ወፍራም ሆነ። ፍርግርጉ ሥር ቆመው፣ ዓይኔን እያዩ፣ ሳይቸኩሉ በሉት። ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ሆዴ ምን እንዳለ ነገ እነግርሻለሁ» አሉኝና ሄዱ።